ኖራ ያልደረሰው ጥግ

ልየው ጠዋት ሲነሳ ፊቱን ከመታጠቡ በፊት አፈር የመቅመስ ልማድ ነበረው። ከቤቱ ደጃፍ ተነስቶ ቁልቁል እስከ ምንጩ የሚወርደውን ማሳውን በባዶ ሆዱ ይዞራል፤ እዚህም እዚያም ጎንበስ ይልና በጣቱ ጫፍ ቆንጥሮ ምላሱ ላይ ያኖራል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ይጠብቅና እንትፍ ይላል። ጎረቤቶቹ «ልየው ዛሬም ቁርሱን በላ» እያሉ ይስቁበታል። እሱ ግን ከአባቱ የወረሰው ነውና ሳቃቸውን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ጥሩ መሬት ምላስ ላይ ዝም ይላል ይሉ ነበር አባቱ። የልየው መሬት ዝም ማለቱን ከተወ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

መሬቱ ኮምጥጧል። በዚያ በአገው ምድር ደጋ ዝናብ አንዴ ከጀመረ ማባራቱን ይረሳል፤ ጎርፉ ዓመት ከዓመት የአፈሩን ደግ ደጉን እያጠበ ወስዶ የቀረው እንደ ከረመ ሊጥ የሚሸት፣ ጥርስ የሚያደነዝዝ ቀይ አፈር ነበር። ገብስ ሲዘሩበት ይበቅልና አንድ ስንዝር ላይ ሲደርስ ቢጫ ሆኖ ይቆማል፤ ሲነቅሉት ሥሩ ጠቁሮ ይወጣል። ኮምጣጣነቱን የወደዱለት አረሞችም አልጠፉም። እምቧጮው አጥር አክሏል፣ ቱልቱ እንደ ጎመን ይፋፋል፤ ከነሱ ሥር ደግሞ ማንም ስሙን የማያውቀው፣ መሬት ለመሬት የሚሄድ፣ ግንዱ ቀይ፣ ቅጠሉ የጥፍር ያህል፣ ሲነኩት ጣት ላይ የሚያጣብቅ ነገር ማሳውን ሞልቶታል። ቀትር ላይ እንኳ እርጥበቱ አይደርቅም። የልየው ዳማ ፈረስ ምንም ቢርበው አፉን ወደዚያ አያስጠጋም።

ወጣቱ የግብርና ባለሙያ ቢራራ ቅጠሉን በሞባይሉ ፎቶ አንስቶ ለሚያውቃቸው ሁሉ ላከ። ከሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ።

«እኔም አላወቅሁት፣ የላክሁላቸውም አላወቁት» አለ። «ብቻ ኮምጣጣ ካልሆነ የማይኖር ነገር መሆን አለበት። አየህ ጋሼ ልየው፣ እንዲህ ያለውን አፈር ሻይ ይወደዋል፣ ግብጦም ይችለዋል፤ ገብስ ግን አይችለውም። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ኖራ ሲገባ ኮምጣጣነቱ ይሰበራል። ያን ጊዜ ይሄም ነገር መሄጃ ያጣል።»

ከመንደሩ ሁሉ ቀድሞ ኖራውን እሺ ያለው ልየው ነበር። ደፋር ስለሆነ አይደለም፤ የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይሉ የለ፣ ስለቸገረው ነው። በእርጉዝ ነገር ግን በዚያ ዓመት ከሱ የታደለ አልነበረም። ሚስቱ ዳሳሽ አርግዛለች።

ከተጋቡ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ከዚህ በፊት ሁለቴ አርግዛ ሁለቱም ገና በአራተኛ ወሩ ወርዶባታል። ሁለተኛው ሲወርድ አንድ ወር ሙሉ ሰው ሳታናግር ከጓሮ ተቀምጣ ከርማለች፤ ዘመዶቹ ሌላ እንዲያገባ ሲመክሩትም ልየው፣ በሬውን እንኳ የማይመታው ልየው፣ ዱላ አንስቶ ከደጁ አባሯቸዋል። አሁን ሦስተኛው ነው። ይሄኛው ከወረደ ዳሳሽም እንደማትተርፍለት ልቡ ያውቅ ነበር፤ ያለሷ ደግሞ መኖሩ ምን እንደሚባል አያውቅም። በየካቲት ጤና ጣቢያ ወስዷት ነርሷ «ደህና ይዟል» ያለችው ቀን መንገዱን ሁሉ እያለቀሰ ነው የተመለሰ።

«ልዬ» አለችው በሚያዝያ አንድ ቀን፣ እንደማፈር ብላ። «ያ ቀዩ ቅጠል አማረኝ።»

ነፍሰ ጡር ያማራትን ካጣች ጽንሱ ይወርዳል ይባላል። አፈር ያማራት፣ ከሰል ያማራት፣ የረጠበ ግድግዳ እየፋቀች የበላች ሁሉ ሞልታለች፤ ቅጠል ቢያምራት ምን ይገርማል? ልየው ወርዶ አንድ እፍኝ አመጣላት። ሳታጥበው በላችው። ጥርሷ ሥር ሲደቅ የሚሰማው ቅርጭ ቅርጭ የሚል እርጥብ ድምፅ ልየውን ጥርሱን አስነከሰው፤ የእሷ ዓይን ግን በእርካታ እንባ አቀረረ። በማግስቱ ሁለት እፍኝ አለች። በሳምንቱ ሰፌድ ይዞ መውረድ ጀመረ።

ኖራው በአንድ ጊዜ አልመጣም። መንገዱ እየተበላሸ፣ መኪናው እየቀረ በሦስት ጊዜ ነው የደረሰው። የመጀመሪያው በሚያዝያ መጨረሻ ሲመጣ ልየው አፍንጫውን በነጠላ አስሮ የማሳውን ላይኛ ክፍል ሲበትን ዋለ፤ እስከ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ ሲገባ ዳሳሽ በሳቅ ፈረሰች። ጠዋት አፈሩን ሊቀምስ ሲወጣ ከላይኛው ማሳ ላይ ቅጠሉ የለም። ደርቆ ቢሆን ግንዱ፣ በስብሶ ቢሆን ሽታው በቀረ ነበር፤ የቀረው ግን በመርፌ የተወጋ የሚመስል፣ ተቆጥሮ የማያልቅ ቀዳዳ ብቻ ነው። «መሄጃ አጣ» አለና ለብቻው ሳቀ። ቤት ሲገባ ዳሳሽ መቀነቷን ይዛ ቆማለች፤ ትናንት ሁለት ዙር ይዞራት የነበረው ዛሬ አንዱን ዙር እንኳ አልሞላም።

«መንታ ነው!» አሉ ሴቶቹ። ልየው በደስታ የሚሆነውን አጣ።

ሁለተኛው ኖራ በግንቦት፣ ሦስተኛው በሰኔ መጣ። በየተበተነው ማሳ ላይ ቅጠሉ በአንድ ሌሊት እየጠፋ ገብሱ ተተካ። በሐምሌ ከቤቱ በላይ ያለው ገብስ ጉልበት ደርሶ ጥቁር አረንጓዴ ሆነና መንገደኛውን ሁሉ ያስቆም ጀመር። ከምንጩ አጠገብ ያለች የአንድ ቤት ወለል የምታህል ጥግ ብቻ ኖራ ሳይደርሳት ቀረች። ለነገሩ ደርሷት ነበር፤ ልየው ሁለት ትንንሽ ከረጢት አስቀርቷል፤ ግን ያቺን ከበተናት ለዳሳሽ ምን ያመጣላታል? ቅጠሉ ከሌላው ሁሉ ተጠራርጎ እዚያች ጥግ ላይ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ እስከ ቁርጭምጭሚት ያሰምጥ ነበር።

ዐይን አይቶ ልብ ይፈርዳል እንዲሉ የሳቁበት ጎረቤቶች ገብሱን አይተው ኖራ ኖራ ማለት ጀመሩ። ቀበሌው ጠየቀ፣ ኖራው መጣ፣ የትምህርት ቤቱ ግቢ በነጭ ከረጢት ተሞላ። ስድሳ አባወራ ገና ያልዘራውን ማሳ ሁሉ በደቦ ሊበትን፣ ቀኑም ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ሊሆን ተቆረጠ። ልየው በስብሰባው ላይ ተነስቶ እንዲመሰክር ተደርጎ «እኔን ያየ ይበትን» ብሎ ተቀመጠ፤ አጨበጨቡለት።

እቤቱ ውስጥ ያለውን ግን ለማንም አልመሰከረም። ከየት ጀምሮ ይናገር? እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነበር አመጣጡ። መጀመሪያ ዳሳሽ የምትጠጣበት የአሉሚኒየም ኩባያ ከንፈሯ የሚያርፍበት በኩል እየሳሳ ሄዶ አንድ ቀን ተሸረፈ። አንገቷ ላይ ያለችው የብር መስቀል ጠቆረች፣ ከዚያ ጠርዟ ተበላ፣ ከዚያ ማተቡ ብቻ ቀረ። ከምትቀመጥበት መደብ በስተኋላ ያለው የጭቃ ግድግዳ ረጥቦ አረንጓዴ ሽበት አበቀለ፤ ልየው ቢፍቀው በማግስቱ የጀርባዋን ቅርጽ ይዞ መልሶ በቀለ። ጎረቤት የሰጣቸው ወተት ደጃፉን ሳያልፍ ይረጋል። ቤቱን የሊጥ ሽታ ሞላው፤ ከሊጡ ሥር ደግሞ የዛገ ብረት የመሰለ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ ሌላ ሽታ ነበር፤ ልየው ልብሱን ቢያጥብ፣ ውጭ ቢያድር አይለቀውም። ዳማው ፈረስ ከሐምሌ ወዲህ በቤቱ በኩል ማለፍ እምቢ ብሎ በገደሉ ዞሮ ነው ውሃ የሚወርደው።

ዳሳሽ እህል ካቆመች ሁለት ወር ሆኗታል። ቂጣ ሲያቀርብላት የሚሸት ነገር እንዳቀረበ ፊቷን ታዞራለች። ግን አልከሳችም። ፊቷ እንደ ሙሽራ ጠርቷል፣ ቆዳዋ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ ስታወራ ድምፅዋ የሚመጣው ትንሽ ዘግይቶ ይመስለዋል። ሆዷ ከጉልበቷ አልፎ ተንጠልጥሏል። ጎን ለጎን ሲተኙ ልየው ጆሮውን ሆዷ ላይ ያደርጋል፤ የልጅ ርግጫ ይጠብቃል፤ የሚሰማው ግን ዝናብ ያረጠበው ሳር ላይ ሰው ቀስ ብሎ የሚራመድ የሚመስል ኮሽታ ነው። ፈርቶ ነበር። ማንን እንደፈራ ለራሱ እንኳ መናገር አፈረ።

በነሐሴ አጋማሽ አልቻለም። ጤና ጣቢያ እንዳይወስዳት ወንዙ ሞልቶ መሻገሪያውን ወስዶታል። ስለዚህ ሦስት ትውልድ ያዋለዱትን እማማ አልጋነሽን ለምኖ አመጣ። አሮጊቷ ገና በሩ ላይ አፍንጫቸውን ያዙ። ከዚያ ቅቤ የተቀባ መዳፋቸውን የዳሳሽ ሆድ ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ብዙ አልቆዩም። እጃቸውን መንጭቀው ሲያነሱት መዳፋቸው እሳት እንደነካው ቀልቷል፤ ልየውን በክርኑ ይዘው ወደ ውጭ አወጡት።

«ልጄ፣ ስንት ወሯ ነው?»

«ሰባት አልፏታል።»

«የሰባት ወር ልጅ ይገፋል» አሉ እማማ አልጋነሽ፣ መዳፋቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ። «ይሄ አይገፋም። ሥር ይሰዳል። ምንድን ነው የምትበላው?»

ነገራቸው። አሮጊቷ የቀላ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት።

«አምሮት ነው ብዬ ነው እኮ እማማ!» አለ ልየው። «ብከለክላት ይወርዳል ብዬ… ሦስተኛችን ነው…»

«አውቃለሁ ልጄ። አሁን ግን የሚበላውን አቋርጥበት። የባሰ አታምጣ በል።» መሄድ ጀምረው ተመለሱ። «እሷ ላይ አቋርጥ አላልኩህም። እሱ ላይ ነው ያልኩህ፣ ያ በሆዷ ያለው ላይ።»

ልየው ሁለት ቀን አመነታ። ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ጠዋት ያስቀረውን ኖራ ከጎተራው ሥር አወጣና ዳሳሽ ፊት ቆመ። እንደምታለቅስበት፣ እንደምትረግመው፣ እግሩ ላይ እንደምትወድቅ ጠብቋል፤ እንዳይረታም ሌሊቱን ሲለማመድ አድሯል።

«ዳሴ፣ የታችኛዋን ጥግ ልበትናት ነው። ከዛሬ ወዲያ ያ ቅጠል የለም። ይቅር በይኝ።»

ዳሳሽ ፈገግ አለች። «እሺ ልዬ» አለችው። «ጊዜውም ደርሷል።»

እፎይታ ሊሰማው ይገባ ነበር። ኖራውን ተሸክሞ ቁልቁል ሲወርድ ግን «ጊዜውም ደርሷል» ያለችውን ያነሳ ይጥላል። ጉሙ ከመሬት ተጣብቆ አምስት እርምጃ አያሳይም፤ ጧት ይሁን ማታ አይለይም፤ የምንጩ ድምፅ በግራም በቀኝም ይመጣል። ጥጉ ጋ ሲደርስ እግሩ ከመስመጡ በፊት ሽታው ነገረው። ከረጢቱን ፈታ፣ እጁን ሞልቶ ዘገነ፣ በተነ።

ቸስስ አለ። በሌላው ማሳ ላይ ኖራው እንደ ዱቄት ዝም ብሎ ነበር የሚያርፈው፤ እዚህ ግን የጋለ ብረት ምጣድ ላይ ውሃ እንደተረጨ ቸስስ እያለ ነጭ አረፋ ደፈቀ። ልየው እየጮኸ ይሁን እየጸለየ ሳያውቀው በግራ በቀኝ በተነ፤ አንዱን ጨርሶ ሌላውን ቀደደ፤ እያለቀሰ በተነ። አረፋው ሥር ቅጠሉ ወደ ራሱ ሲሰበሰብ አየው። ግንዱ ከመሬት እየተነቀለ፣ ጥፍር የሚያካክሉት ቅጠሎች ሁሉ ወደ አንድ ወገን ዞሩ። ወደ ምንጩ አልነበረም የዞሩት።

ሽቅብ ነው።

ከዚያ አረፋው ረጋ። ጥጉ ላይ ነጭ ኖራና ተቆጥሮ የማያልቅ ቀዳዳ ብቻ ቀረ፤ ከጥጉ ጫፍ ጀምሮ ግን ጠል የያዘው ሳር የአንድ ሰው ወርድ ያህል ተኝቶ ቀጥ ብሎ ወደ ቤቱ ይወጣል። ልየው አፉን ከፍቶ ቆመ። የመጀመሪያው ኖራ በተበተነ ማግስት መቀነቷ አልበቃም። የሁለተኛው በተበተነ ሳምንት ሴቶቹ ሦስትም ሊሆን ይችላል ብለው ቀለዱ። የሦስተኛው ጊዜ መቆም አቃታት። ቅጠሉን እሷ እየበላች አልነበረም፤ ቅጠሉ መንገድ እየለመደ ነበር። ኮምጣጣው ሁሉ ሲጠፋበት አንድ የቀረ ኮምጣጣ ቦታ አግኝቷል። ከሰው ሆድ የበለጠ ምን ይኮመጥጣል? በገዛ እጁ፣ እፍኝ በእፍኝ፣ ከማሳው እየነዳ ሚስቱ ውስጥ ያስገባው እሱ ራሱ ነው።

ሮጠ። ሁለቴ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ሮጠ።

በሩ ዝግ ነው፤ ከታች ያለው ክፍተት ግን እርጥብ ነበር። ገፍቶ ገባና ከኋላው ቀረቀረው። ዳሳሽ መደቡ ላይ እንዳስቀመጣት ናት። ሁለት እጇ ሆዷ ላይ ነው፤ ሆዷ ቆዳው ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል፤ ከቆዳው ሥር ቀይ ክር የመሳሰሉ ነገሮች ቦታ እየተለዋወጡ ይሄዳሉ። ግንባሯ ላብ አውጥቷል፣ ፊቷ ግን የተኛ ሕፃን ፊት ነው። ልየው ጉልበቷ ሥር ተደፍቶ አቀፋት፤ ጉንጩን ሆዷ ሲነካው አቃጠለው፤ አልለቀቃትም።

«ዳሴ! ልጃችንስ? ልጃችን አለ?»

«አለ» አለች በዚያ በሚዘገይ ድምፅ። «ታቅፈውት ነው የሚውሉት። አንተ ነህ እኮ ከብርድ ያወጣሃቸው ልዬ። ያመሰግኑሃል።»

«ተነሺ። ተሸክሜሽ እሻገራለሁ፤ ወንዙ ቢወስደን ይውሰደን፣ ጤና ጣቢያ…»

ያን ጊዜ ነው ዘፈኑን የሰማው። ከላይ፣ ከገደሉ ማዶ፣ በጉሙ ውስጥ፣ የብዙ ወንድ ድምፅ እየተቀባበለ ይመጣል፤ መሃል መሃሉን የቢራራ ፊሽካ ይሰማል። ደቦው ነው። ልየው ቀኑን ረስቶታል። ስድሳ አባወራ፣ ከረጢቱን በትከሻው ተሸክሞ፣ አፍንጫውን በነጠላ አስሮ፣ መንደሩን ከዳር እስከ ዳር ሊበትን ተሰልፏል። በእያንዳንዱ ማሳ ላይ እምቧጮ አለ፤ ከእምቧጮው ሥር ያ ነገር አለ። መንደሩ ውስጥ ስንት ሆድ አለ? የሚመጣው ግን ወደ ሌላው አይደለም፤ መንገዱን የሚያውቀው ወደዚህ ነው።

«አቁሙ!» ብሎ ጮኸና ተነስቶ ወደ በሩ ዘለለ፤ መቀርቀሪያውን የያዘው ሊወጣ ነበር፤ እጁ ግን እዚያው ላይ ደረቀ። ከውጭ፣ ከሳንቃው ማዶ፣ ከመሬት እስከ ጣሪያው ክፈፍ ድረስ አንድ ሰፊ፣ እርጥብ፣ ትዕግሥተኛ የሆነ ኮሽታ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ልየው መቀርቀሪያውን በደረቱ ተጫነው። ላይ ማዶ ዘፋኞቹ ሌላ ማሳ ጀመሩ፤ ሳንቃው ወደ ውስጥ ጎበጠ።

«ልዬ» አለች ዳሳሽ ከኋላው፤ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይዘገይ የቀድሞው የራሷ ድምፅ ሆኖ መጣ፣ እንግዳ ደጇ ላይ እንደቆመባት ደግ ሴት ድምፅ፤ «ክፈትላቸው እንጂ፣ የኔ ሆድ ቢጠብባቸው ያንተ አለላቸው።»